ጉሙ እስኪገለጥ ስንት ቀን ይጠበቃል? በጉዞ ላይ መልክዓ ምድር ስለ ማንሳት

ከፖቶማክ ማዶ

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ የመድረኩ አባላት። የምኖረው በቨርጂኒያ ነው። በመጪው ጥቅምት የሦስት ሳምንት ፈቃድ ወስጄ ወደ አገር ቤት እገባለሁ። የመጀመሪያው ሳምንት የእናቴና የቤተ ዘመድ ነው፤ የቀሩትን ሁለት ሳምንታት ግን ለመልክዓ ምድር ፎቶግራፍ ብቻ ለይቻቸዋለሁ። በዕቅዴ ውስጥ ያስገባኋቸው ሰሜን ተራሮች፣ ጢስ ዓባይ፣ ላሊበላ፣ ገርዓልታ፣ ዳሎልና ባሌ ናቸው። የመንገዱን ጸጥታ በየአካባቢው ካሉ ሰዎች እያጣራሁ ስለሆነ በዚያ አላስቸግራችሁም፤ የምጠይቃችሁ ስለ ጊዜው ነው። በእያንዳንዱ ቦታ አንድ ማለዳና አንድ ምሽት ቢደርሰኝ ይበቃኛልን? በዚህ መድረክ የማያቸውን ፎቶዎች ያነሣችሁ ሰዎች ያገኛችኋቸው ቆይታችሁ ስለ ጠበቃችሁ ነው ወይስ በደረሳችሁበት ሰዓት ሰማዩ ስለ ተከፈተላችሁ?

የገደል አፋፍ

ለአገርዎ በደኅና ያብቃዎ። ስድስት ቦታ በሁለት ሳምንት ማዳረስ ለጉብኝት ይቻል ይሆናል፤ ለፎቶግራፍ ግን አይሆንም። ከስድስቱ አንዱን፣ ቢበዛ ሁለቱን ይምረጡና የቀሩትን ለሌላ ዓመት ያቆዩዋቸው። ይህን የምለው ከብርሃኑ ጠባይ ተነሥቼ ነው።

አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ፀሐይ ስትወጣም ስትጠልቅም አድማሱን ቀጥ ብላ ታቋርጣለች እንጂ ተጋድማ አትንሸራተትም። በሰዓት 15 ዲግሪ ያህል ስለምትጓዝ፣ ከአድማስ በላይ ከ6 ዲግሪ ሳትበልጥ ገደሉን በጎን የምታበራበት፣ ጥላው የሚረዝምበትና ቀለሙ የሚሞቅበት ጊዜ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ከጠለቀች በኋላም ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ይጨልማል። በስካንዲኔቪያ በበጋ የሚያነሣ ሰው ያንኑ ብርሃን ለሰዓታት ሊያገኘው ይችላል፤ እኛ ዘንድ ግን አንድ ቀን ማለት ሁለት አጫጭር ዕድሎች ማለት ነው። በአንድ ቦታ አንድ ማለዳና አንድ ምሽት ካለዎት፣ ማለዳውን ደመና ምሽቱን ጉም ቢወስድብዎ ባዶ እጅዎን ይመለሳሉ፤ የመኪናውም የበቅሎውም ወጪ አብሮ ይሄዳል።

ከዝርዝርዎ ውስጥ ይበልጥ የማውቀው ሰሜን ተራሮችን ስለሆነ ስለ እርሱ ልጻፍ። በጥቅምት ወር ማለዳው አብዛኛውን ጊዜ ጥርት ያለ ነው። ፀሐይዋ የታችኛውን ቆላ ማሞቅ ስትጀምር እርጥበት የያዘው አየር በገደሉ ግንብ እየተጎተተ ይወጣል፤ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝ ጉም ይሆናል። ረፋዱ ላይ የመጀመሪያው ጉም ከገደሉ ሥር ብቅ ይላል፣ ከቀትር በኋላ እሜት ጎጎን የመሰለውን 3,926 ሜትር ከፍታ ያለውን አፋፍ ሳይቀር ይሸፍነዋል። ብዙው መንገደኛ እዚህ ላይ ተስፋ ቆርጦ ወደ ድንኳኑ ይመለሳል። ነገር ግን ቆላው ሲቀዘቅዝ ከታች የሚገፋው ኃይል ስለሚደክም፣ ወደ 11 ሰዓት ገደማ ጉሙ መስመጥ የሚጀምርባቸው ምሽቶች አሉ። ያን ጊዜ የሾሉት አምባዎች ጫፎች ብቻ ከጉሙ በላይ ይቀራሉ፣ የመጨረሻው ብርሃን በጎን ይመታቸዋል፤ ሁሉም የሚያደንቀው ፎቶ የሚገኘው በዚያች ቅጽበት ነው።

እንግዲህ ይህን ነገር ‹ዕድል› ብቻ ብሎ መጥራት አይበቃም፤ ምክንያቱ የታወቀ ነውና። የማይታወቀው ከምሽቶቹ የትኛው እንደሚገለጥ ነው፤ የዕድል ድርሻዋ ይህች ብቻ ናት። ትዕግሥት የምለውም ምን እንደሚመጣ ዐውቆ፣ የሚቆምበትን ድንጋይ በቀን ብርሃን መርጦ፣ ትራይፖዱን አስተካክሎ፣ ጉሙ ፊቱ ላይ ሆኖ ሳለ እስከ መጨረሻው ደቂቃ መቆየትን ነው። ከዚያ ቦታ ተነሥቶ ‹ምናልባት ወዲያኛው አፋፍ ይሻል ይሆናል› ብሎ የሚሮጥ ሰው ጉሙ ሲገለጥ መንገድ ላይ ይሆናል። ስለዚህ በአንድ ካምፕ፣ በግጭ ወይም በጨነቅ፣ ደጋግሞ ማምሸትና ደጋግሞ ማንጋት ይሻልዎታል።

ብርሃን ቆጣሪ

የገደል አፋፍ የጻፉትን በአብዛኛው እቀበላለሁ፤ ሆኖም መጠበቅን ከማስላት አስቀድመውታል። ጠያቂያችን ጊዜያቸው አጭር ነው፤ ጊዜው አጭር የሆነ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ማስላት አለበት እላለሁ።

የሰሜን ተራሮች ትልቁ ገደል ፊቱን ወደ ሰሜን ያዞረ ነው። በመስከረም ሁለተኛ ሳምንት፣ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ጊዜ፣ ፀሐይ በትክክል በምሥራቅ ወጥታ በትክክል በምዕራብ ስለምትጠልቅ ብርሃኗ የገደሉን ፊት እየላሰ ያልፋል፤ እያንዳንዱ ስንጥቅ ጥላ ይኖረዋል። በጥቅምት አጋማሽ ግን መውጫዋ ከትክክለኛው ምሥራቅ 12 ዲግሪ ያህል ወደ ደቡብ ያዘነብላል፣ በታኅሣሥ ደግሞ ወደ 24 ዲግሪ ይደርሳል፤ ስለዚህ የገደሉ ዋና ፊት ጥላ ውስጥ ገብቶ ይውላል፣ ብርሃን የሚያገኙት ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ የወጡት አፍንጫዎች ብቻ ናቸው። ይህን ሳያውቅ በታኅሣሥ ሄዶ ገደሉ እስኪበራ የሚጠብቅ ሰው የቱንም ያህል ቢታገሥ የማይመጣ ነገር ነው የሚጠብቀው። በጥቅምት አጋማሽ በዚያ አካባቢ ፀሐይ የምትወጣው ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ20 ገደማ፣ የምትጠልቀውም ከምሽቱ 12 ሰዓት አካባቢ ነው፤ ሰዓቱን ከወዲሁ ይያዙት።

ጨረቃም እንዲሁ ናት። በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል እየዘገየች ስለምትወጣ፣ ሙሉ ከምትሆንበት ቀን በፊት ባለው ምሽት ፀሐይ ሳትጠልቅ ከአድማስ በላይ ትገኛለች። ምድሩ ገና ብርሃን አለው፣ ጨረቃዋም ወጥታለች፤ ሁለቱን በአንድ ፎቶ ለመያዝ ከወሩ ምሽቶች ሁሉ የሚመቸው ያ ነው። ጉዞዎን ከዚያ ምሽት ጋር ማገናኘት የቀን መቁጠሪያ ከማየት በቀር ምንም አይጠይቅም።

የአሜሪካዊውን ፎቶ አንሺ የአንሰል አዳምስን ታሪክ እዚህ ላይ ማንሣት ይገባል። በኒው ሜክሲኮ፣ ኸርናንዴዝ በምትባል መንደር አጠገብ ወደ ሳንታ ፌ ሲነዳ ጨረቃ ወጥታ፣ የምትጠልቀዋ ፀሐይ የመቃብሩን ነጫጭ መስቀሎች ስታበራ አየ። መኪናውን አቁሞ ትልቁን ካሜራ ሲተክል የብርሃን መለኪያውን ሊያገኘው አልቻለም። ነገር ግን የጨረቃ ገጽ ብሩህነት 250 ካንድል በካሬ ጫማ መሆኑን በቃሉ ያውቅ ስለ ነበር ከዚያ ተነሥቶ አስልቶ አንድ ፊልም አነሣ፤ ሁለተኛውን ለማንሳት ሲዘጋጅ ብርሃኑ ከመስቀሎቹ ላይ ለቅቆ ነበር። ቀኑን ስላልመዘገበው ዓመቱ ለረጅም ጊዜ ሲያከራክር ቆይቶ፣ በኋላ የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ከጨረቃዋ አቀማመጥ አስልቶ ኖቬምበር 1 ቀን 1941 እ.ኤ.አ. ከቀኑ 10 ሰዓት ከ49 መሆኑን አረጋገጠ። ሰዎች ይህን የዕድል ታሪክ አድርገው ያወሩታል፤ ለእኔ ግን የዕውቀት ታሪክ ነው። ያንኑ ብርሃን ያየ ሌላ ሰው መለኪያውን ሲፈልግ ያመልጠው ነበር።

የደባርቅ መንገድ

በሙያዬ ፎቶ አንሺዎችንና ተጓዦችን ወደ ተራራው አደርሳለሁ፣ እዚያም አብሬ እሰነብታለሁ። የሁለታችሁንም ጽሑፍ በጥሞና አንብቤ ያልተነካ ነገር ስላየሁ ነው የምጽፈው። በተራራው ላይ የሚታገሠው ካሜራ የያዘው ብቻ አይደለም።

ወደ ፓርኩ የሚገባ ሰው ደባርቅ ካለው ጽሕፈት ቤት ክፍያውን ፈጽሞ ስካውት፣ ማለትም ታጣቂ የፓርክ ጠባቂ፣ ይመደብለታል። ስካውቱ መሣሪያውን ይዞ፣ ጋቢውን ተከናንቦ፣ እርስዎ ከቆሙበት ሳይለይ ይቆማል። በቅሎ ነጂው ጭነቱን አራግፎ እንስሳቱን ይጠብቃል፣ ምግብ የሚያዘጋጀው ደግሞ እራቱ ቀዝቅዞበት ይጠብቃል። በጥቅምት ብዙዎቹ የጽጌን ጾም የሚጾሙ ናቸው፤ ረቡዕና ዓርብማ ያለ ጥርጥር እስከ 9 ሰዓት እህል አይቀምሱም። አንድ ፎቶ አንሺ ‹ጉሙ ሊገለጥ ነው፣ ትንሽ እንቆይ› ሲል ያ ትንሽ የሚቆረጠው ከእነርሱ ዕረፍትና ከእነርሱ እንቅልፍ ነው። ስለዚህ ገና ከደባርቅ ሳይነሡ ምን ለማንሳት እንደሚፈልጉ፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት እንደሚነሡ፣ ከመሸ በኋላም በባትሪ ብርሃን እንደሚመለሱ በግልጽ ይንገሯቸው፤ ለሚጨመረው ቀንም የሚጨመረውን ክፍያ አስቀድመው ይስማሙ። የተነገረውና የተከፈለው ሰው አብሮ ያስባል፤ ‹ጌታዬ፣ ዛሬ ነፋሱ ከዚህ ነውና ወደ ጅንባር አፋፍ ብንሄድ ይሻላል› ብሎ የሚመክርዎ እርሱ ነው። ነፋሱን ከየትኛውም የስልክ ትንበያ የበለጠ ያውቀዋል፤ ያደገበት አገር ነውና።

ስለ ጭላዳዎቹም አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ እንግዶች ጭላዳ ከፊት፣ ገደል ከኋላ ሆኖ በንጋት ብርሃን ለማንሳት ይመኛሉ። ጭላዳ ሌሊቱን የሚያድረው በገደሉ ላይ ነው፤ ፀሐይዋ ድንጋዩን ካሞቀችው በኋላ ነው ወደ ሜዳው የሚወጣው። በፀሐይ መውጫ ሰዓት ሜዳው ላይ ቢጠብቁት አይገኝም። ከማታው ብርሃን ጋር ግን ይገናኛል፤ ወደ ማደሪያው ሲመለስ ከአፋፉ ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ የሚቆይበት ጊዜ አለና፤ ለዚህ ፎቶ ከማለዳው ይልቅ ምሽቱን ይያዙ።

የሚያሳዝነኝን አንድ ነገርም ልናገር። አንዳንድ ሰዎች ከዓመታት በፊት የተነሣ ፎቶ በስልካቸው ይዘው መጥተው ‹እዚህ ቦታ ውሰደኝ› ይላሉ። በግጭ መንደር የነበሩት ሰዎች በ2016 እ.ኤ.አ. ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል፤ ጎጆዎቹና የገብሱ ማሳ የታዩበት ያ ፎቶ ዳግመኛ አይነሣም። መጠበቅ የማይመልሰው ነገር አለ፤ ይህን ለእንግዶቼ ሁልጊዜ ቀድሜ እነግራቸዋለሁ።

አሞሌ

ስለ ዳሎል ልምድ ስላለኝ ጠያቂውን በአክብሮት ላሳስብ። ከባሕር ጠለል በታች በሚገኘው በዚያ ስፍራ የትዕግሥት ሒሳብ ሌላ ነው። በተራራ ላይ ‹ነገ ደግሞ እንሞክር› ይባላል፤ እዚያ ግን ሙቀቱ፣ የውኃው መጠንና አብሮ የሚጓዘው ቡድን ይወስናሉ። ብዙውን ጊዜ በማለዳ ተገብቶ ሙቀቱ ሳይበረታ ይወጣል።

የዳሎል ቀለሞች አይቀመጡም። የሚፈላው ጨዋማና አሲዳማ ውኃ የሚወጣባቸው ምንጮች አንዱ ሲደርቅ ሌላው በሌላ ቦታ ይፈነዳል። ምንጩ ሕያው ሳለ ቢጫና አረንጓዴ የነበረው ሲደርቅ ብረቱ እየዛገ ወደ ቡናማ ይለወጣል። ስለዚህ ባለፈው ዓመት የታየውን ፎቶ ፈልጎ መሄድ አይጠቅምም። የሚጠቅመው እንደ ደረሱ ካሜራውን ሳይከፍቱ መሪውን ተከትሎ ዛሬ የሚፈላው የትኛው እንደሆነ ዞሮ ማየት፣ ከዚያም አንዱን መርጦ ብርሃኑ እስኪደርስበት እዚያው መቆም ነው። በየምንጩ እየዘለሉ የሚያነሡ ሰዎች ብዙ ፎቶ ይዘው ይመለሳሉ፤ ከመካከሉ ግን የተጨነቁበት አንድም አያገኙም።

ከዳሎል ብዙ በማይርቀው በአሳሌ የጨው ሐይቅ ደግሞ ስስ ውኃ በጨው ላይ ሲተኛ ሰማዩን እንዳለ ይገለብጠዋል፤ ይህ የሚሆነው ግን ነፋስ ከሌለ ብቻ ነው። ግመሎቹ ጨው ጭነው የሚመለሱበት ሰዓት፣ የነፋሱ መተኛትና የፀሐይዋ ዝቅ ማለት ሦስቱ አንድ ላይ ሲገጥሙ አይቻለሁ። ሦስቱ በተናጠል የማይመጡበት ቀን የለም፤ አንድ ላይ የሚመጡበት ግን ጥቂት ነው።

ኤርታ ሌን ለሚያስቡም አንድ ቃል። በጃንዋሪ 2017 እ.ኤ.አ. በተራራው ጎን በተከፈተ ስንጥቅ ብዙ ቅልጥ አለት ስለ ፈሰሰ ለዓመታት ከጠርዝ ላይ ሆኖ በቅርብ ይታይ የነበረው የእሳት ሐይቅ ወደ ታች ወረደ። ከዚያ በፊት በነበሩት ወራት የሄዱ ሰዎች ቀዩን ማዕበል አንሥተዋል፤ ከዚያ በኋላ የደረሱ ብዙዎች ያገኙት ጢስ ነው። ይህን ማንም በትዕግሥቱ አላገኘውም፣ ማንም በስንፍናው አላጣውም።

ዳር ቋሚ

በጢስ ዓባይ ጉዳይ አጭር ማስታወሻ። እዚያ የሚጠበቀው ሰማይ ብቻ አይደለም፤ ውኃውም ነው። ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሁለተኛው የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ ውኃውን ከፏፏቴው በላይ ስለሚወስደው፣ በ2010 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው የጣና በለስ ማመንጫም ከሐይቁ በቀጥታ ስለሚጠቀም፣ 45 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ፏፏቴ ከክረምት ውጭ ሳስቶ የሚታይባቸው ቀኖች ብዙ ናቸው። ነሐሴና መስከረም ሙሉ ነው፣ ጥቅምት እየቀነሰ የሚሄድበት ወር ነው። ሳይደውሉና ባሕር ዳር ካለ ሰው ሳይጠይቁ አይሂዱ። ቀስተ ደመናውን ከፈለጉ ፀሐይዋን ከጀርባዎ ያድርጉ፤ የሚታየው ከራስዎ ጥላ አቅጣጫ 42 ዲግሪ ያህል ርቆ ስለሆነ ጥቂት እርምጃ ወደ ጎን በመሄድ ከፏፏቴው ፊት የሚወድቅበትን ቦታ ሊመርጡ ይችላሉ።

የገደል አፋፍ

ለሁላችሁም አመሰግናለሁ፤ በተለይ የደባርቅ መንገድ የጻፉት ከእኔ መልስ ሊቀድም ይገባው ነበር።

ለብርሃን ቆጣሪ ግን በአክብሮት የምመልሰው አለኝ። የአዳምስን ታሪክ እርስዎ ከመኪናው ከወረደ በኋላ ያለውን ነው የሚያዩት፤ እኔ ደግሞ ከመውረዱ በፊት ያለውንም አያለሁ። ያ ሰው ዕውቀቱ ሁሉ እያለው ጥቂት ደቂቃ ቢዘገይ ኖሮ መስቀሎቹ ጥላ ውስጥ ገብተው ያገኛቸው ነበር። ጠያቂያችን በሚኖሩበት አገር ሌላ ምሳሌም አለ። በካሊፎርኒያ ዮሰሚቲ፣ በኤል ካፒታን ምሥራቃዊ ጎን የሚወርድ ቀጭን ፏፏቴ በየዓመቱ በፌብሩዋሪ ሁለተኛ አጋማሽ የምትጠልቀው ፀሐይ በተወሰነ ማዕዘን ስትመታው ለደቂቃዎች እንደ ቀለጠ ብረት ይቀላል። ማዕዘኑ በየዓመቱ ይመለሳል፤ ቀኑም ሰዓቱም የታወቀ ስለሆነ ብዙ ሰው ተሰብስቦ ይጠብቃል። ይሁንና በረዶ ባነሰበት ወይም ገና ባልቀለጠበት ዓመት ፏፏቴው ውኃ አይኖረውም፣ ውኃ ባለበትም ቀን በምዕራብ አድማስ ላይ አንዲት ደመና ብትቆም ብርሃኑ ሳይደርስ ይቀራል። እንግዲህ በትክክል ያሰላው ሁሉ እዚያ ቆሟል፤ ከዚያ በኋላ የሚለየው ማን ለተከታዩ ምሽት እንደሚመለስ ነው። ስሌቱ የት መቆም እንዳለብን ይነግረናል፤ መጠበቁን ግን አያስቀርልንም። ለዚህ ነው ከስድስት ቦታ አንድ ይሻላል ያልኩት፤ ስሌቱንም ቢሆን ለስድስት ቦታ በጥንቃቄ ማድረግ አይቻልም።

ብርሃን ቆጣሪ

የዮሰሚቲውን ምሳሌ ተቀብያለሁ። በስድስቱ ቦታዎች ጉዳይም እስማማለሁ።

ከጅዳ

ክርክራችሁን በፍላጎት ተከታተልኩት፤ ይሁን እንጂ ትዕግሥት የምትሉት ነገር ጊዜ ላለው ሰው ነው። የእኔ የሥራ ውል ወደ አገር ቤት የሚያስገባኝ በሁለት ዓመት አንዴ ነው፤ ከዚያም ላይ ቤተሰብ፣ ለቅሶ፣ ሠርግና የመንግሥት ቢሮ ጉዳይ ሲቀነስ ለካሜራዬ የምትተርፈው አንዲት ማለዳ ልትሆን ትችላለች። በአንድ ካምፕ ደጋግማችሁ አንጉ የሚለው ምክር ለእኔ አይሠራም። እንደ እኔ ያለች ሴት መልክዓ ምድር ማንሳት ትተው ማለት ነው? ይህን የምጠይቀው ከልቤ ነው።

ጣርማበር

እኅቴ፣ አይተዉት። ለእርስዎ የምመክረው ቦታ ከመምረጥ ይልቅ የአየሩን ሁኔታ እንደ መጣ መቀበልን ነው። በአንዲት ማለዳ ጥርት ያለ ሰማይ የሚፈልግ ሰው ብዙውን ጊዜ ያዝናል፤ ያገኘውን አየር የሚያነሣ ሰው ግን ባዶ እጁን አይመለስም።

ከደብረ ብርሃን አልፎ ወደ ደብረ ሲና የሚወስደውን የጣርማበርን መንገድ የሚያውቅ ሁሉ ጉሙን ያውቀዋል። ከአፋር ቆላ የሚነሣው አየር ሲወጣ ሲወጣ 3,000 ሜትር ከሚያልፈው አፋፍ ላይ ደርሶ ይፈስሳል፤ መኪኖች በቀን መብራት አብርተው የሚያልፉበት ጊዜ ብዙ ነው። ‹የምኒልክ መስኮት› ከሚባለው ቦታ ላይ ቆሞ ቆላውን ለማየት የመጣ እንግዳ ነጭ ግድግዳ ብቻ ያጋጥመውና ይመለሳል። እኔ ግን በጉም የተሸፈነውን አፋፍ ከጠራው ይበልጥ እወደዋለሁ፤ ይህ የእኔ ፍርድ ነው፣ የማይስማማ ቢኖር አልቀየመውም። ጉም ሩቁን ስለሚያጠፋ ቅርቡን ይገልጣል። አንዲት ጽድ፣ አንድ ጅብራ፣ የጓሳ ሣር የለበሰ አንድ የድንጋይ ጠርዝ ይፈልጉና ከእርሱ ፊት ይቁሙ። ጉሙ በየደቂቃው ስለሚሳሳና ስለሚወፍር ያንኑ አንድ ዛፍ በአንድ ሰዓት ውስጥ ብዙ ጊዜ፣ በየጊዜው የተለየ አድርገው ያነሡታል። ካሜራው ነጩን ግራጫ ስለሚያደርገው ብርሃኑን አንድ ስቶፕ ያህል፣ ማለትም በእጥፍ፣ ከፍ ያድርጉት። ሌንሱን የሚጠርጉበት ደረቅ ጨርቅም አይለይዎት፤ ጉም ሳያስታውቅ ያረጥባል።

እዚህ ላይ የሚያስፈልገው ትዕግሥት በቀን የሚቆጠር አይደለም። ዕጣዎ አንዲት ማለዳ ብትሆንም፣ በዚያች ማለዳ ውስጥ ከአንድ ዛፍ ፊት ሳይንቀሳቀሱ አንድ ሰዓት መቆም ይቻላል።

ዘእንጦጦ

ጣርማበር ያሉትን እደግፋለሁ፤ ከአዲስ አበባ መውጣት ለማይችልም ሰው ይሠራል። እንጦጦ ላይ ወጥቶ ከተማዋን በንጋት ማንሳት ከአንድ ማለዳ በላይ አይጠይቅም። ኅዳር 12 ቀንን ግን ያስተውሉ። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ የፈጀውን ሕዝብ ተከትሎ በመጣው ልማድ በዚያ ዕለት በየሰፈሩ ቆሻሻ ስለሚቃጠል ከተማዋ በጢስ ትሸፈናለች። ጥርት ያለ እይታ የሚፈልግ በዚያ ቀን አይውጣ፤ የፀሐይ ጮራ በጢስ ንብርብር መካከል ሲያልፍ ማንሳት የሚሻ ግን ዓመቱን ሙሉ የማያገኘውን ያገኛል። ከጥር በኋላ ደግሞ አቧራውና የማሳው ቃጠሎ አየሩን ስለሚያደበዝዙት የሩቁ ተራራ ይጠፋል፤ ለሩቅ እይታ ጥቅምትና ኅዳር ይመረጣሉ።

ከፖቶማክ ማዶ

ለእያንዳንዳችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ዕቅዴን ቀይሬዋለሁ። ገርዓልታን፣ ዳሎልንና ባሌን ለሌላ ጊዜ አቆይቻቸዋለሁ፤ ላሊበላን ለመሳለም እንጂ ለካሜራ አልሄድም። የቀረውን ጊዜ በሙሉ ለሰሜን ተራሮች ሰጥቼ፣ የካምፑን ማደሪያ በጨነቅ አደርጋለሁ፤ ጢስ ዓባይን የማየው ውኃው እንዳለ በስልክ ካረጋገጥኩ ብቻ ነው። በብርሃን ቆጣሪ ምክር መሠረት ከሙሉ ጨረቃ ዋዜማ ጋር እንዲገጥም የበረራዬን ቀን በጥቂት ቀን ገፋ አድርጌዋለሁ፤ እናቴም ‹ለእኔ የሚተርፈኝ ቀን ጨመረ› ብላ ተደስታለች።

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ ለየደባርቅ መንገድ፦ ከአዲስ አበባም ሆነ ከዚህ ይዤ መምጣት የሚገባኝ፣ ለእኔም ለሚያጅቡኝም የሚጠቅም ነገር ምንድን ነው?

የደባርቅ መንገድ

ጥሩ አድርገው ወስነዋል። ጨነቅ ከፍታው 3,600 ሜትር አካባቢ ስለሆነ በጥቅምት መጨረሻ ሌሊቱ ውርጭ ሊሆን ይችላል። በመጀመሪያው ቀን በቀጥታ ወደዚያ አይውጡ፤ ዝቅ ብሎ ባለው በሳንቃበር ካምፕ አድረው ሰውነትዎን ያለማምዱ፣ አለበለዚያ ራስ ምታቱ ከካሜራው ያቦዝንዎታል። የካሜራ ባትሪ በብርድ ቶሎ ስለሚደክም ትርፉን ሁሉ ሌሊት በልብስዎ ውስጥ ይያዙት፤ በካምፑ መብራት አገኛለሁ ብለው አይተማመኑ።

ለሚያጅቡዎት ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው የራስ ላይ ባትሪ ነው፤ ብዙዎቹ በጨለማ የሚመለሱት በስልክ መብራት ነው። ጓንትና ወፍራም ካልሲ ቢጨምሩ ይመሰገናሉ። ስካውቱና በቅሎ ነጂው የሚያድሩበት ድንኳን በኪራዩ ውስጥ መካተቱን ደባርቅ ላይ ይጠይቁ፤ ካልተካተተ አንድ ያስጨምሩ። ቡናና ስኳር ከጎንደር ይግዙ፤ ደባርቅም ይገኛል፣ ነገር ግን ከጎንደር ይዘው ከመጡ ደባርቅ ላይ ጊዜ አያጠፉም። የሚመጡበትን ቀን ሲያውቁ በግል መልእክት ይላኩልኝ፤ በዚያ ሳምንት ጉሙ በስንት ሰዓት እንደሚነሣ ተራራው ላይ ያሉትን ጠይቄ አሳውቅዎታለሁ።